የአብራሪ ጃኬት ገበያ፤ ሌብሉን ያነበበ ያተርፋል

ውጫሌ ላይ ቆሞ ስለ ውል መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህችው የአምባሰል ከተማ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምርጫ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መጻፉ ያስከተለውን መዘዝ የማያውቅ ወሎዬ አይገኝም። የአንድ ግሥ ልዩነት አገርን ወደ ጦርነት ከተተ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሽማግሌ ልጁን ወደ ንግድ ሲልከው "ከመፈረምህ በፊት አንብብ" ቢለው አይፈረድበትም።

የዛሬው ጉዳያችን አገር የሚያጣላ አይደለም፤ የልብስ ጉዳይ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች፣ ወይም በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከተከመረ አሮጌ ልብስ መሐል አንዳንድ ጊዜ ያረጀ የቆዳ ጃኬት ብቅ ይላል። ገዢው ዚፑን ይሞክራል፣ ክንዱን ያስገባል፣ ቀዳዳ ይፈልግና ዋጋ ይከራከራል። ከኮሌታው ሥር የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ግን ማንም አያያትም። እንዲያውም አንገት ታሳክካለች ተብላ በምላጭ ትቆረጣለች።

በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጃፓን ያሉ የድሮ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ልብስ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለዚያች ጨርቅ ነው። ጃኬቱ የተሠራበት የመንግሥት ትዕዛዝ ቁጥር፣ የንድፉ ቁጥርና የፋብሪካው ስም ያሉት እሷ ላይ ነውና። በአጭሩ ውሉ እዚያ ነው። ሌብሉን የቆረጠ ሰው ውሉን ቀድዶ ዕቃውን ለገበያ እንዳቀረበ ይቆጠራል።

ዕቃው ምንድን ነው?

አብራሪ ቆዳ የለበሰው ለማማር ሳይሆን ብርድን ለመቋቋም ነው። አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይቀዘቅዛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደሴ የ18 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቀን ከዚያ በላይ ሌላ 5 ሺህ ሜትር የወጣ አውሮፕላን ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ አካባቢ ያገኘዋል ማለት ነው። የያኔዎቹ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ መቀመጫቸው ለነፋስ የተጋለጠ ነበር፤ የተዘጉትም ቢሆኑ ማሞቂያ አልነበራቸውም ወይም የነበራቸው አይበቃም ነበር።

በሰብሳቢዎች ገበያ ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሳው አምስት ዓይነት ጃኬቶች ናቸው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1931 የተቀበለው "ኤ-2" ነው። በአብዛኛው ከፈረስ ቆዳ፣ አንዳንዱም ከፍየል ቆዳ የተሠራ ሲሆን የእጅጌውና የወገቡ ጫፍ የሱፍ ሹራብ ነው። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1943 የቆዳ ጃኬት ማዘዝ አቁሞ ወደ ጨርቅ ስለ ዞረ የዘመኑ ምርት ብዛት እዚያው ላይ ቆሟል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1934 የመጣው "ቢ-3" ነው። ይህ ጠጕሩ ወደ ውስጥ የተገለበጠ ወፍራም የበግ አጐዛ ነው። ሦስተኛው ፓራሹት ሠሪው ሌስሊ ኢርቪን የነደፈውና የእንግሊዝ አብራሪዎች የለበሱት "ኢርቪን" የበግ ቆዳ ጃኬት ነው። አራተኛው የአሜሪካ ባሕር ኃይል "ጂ-1" ሲሆን የፍየል ቆዳ ሆኖ ኮሌታው ባለ ጠጕር ነው። አምስተኛው ከቆዳ ወደ ናይለን የተሸጋገረው የ1950ዎቹ "ኤም ኤ-1" ነው። የዚህ ኋለኛ ምርቶች ገበራቸው ደማቅ ብርቱካናማ ሆነ፤ የወደቀ አብራሪ ጃኬቱን ገልብጦ ለፈላጊዎቹ እንዲታይ ታስቦ ነው።

ከጃኬቱ ሌላ የቆዳ የራስ ቆብ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ባለ ጠጕር ቦት ጫማና ሱሪም ይሰበሰባሉ። ገበያውን የሚመራው ግን ጃኬቱ ነው።

ዋጋ ያወጣው ለምንድን ነው?

የኢኮኖሚክስ ትምህርት የማያስፈልገው ምክንያት አለ። አቅርቦቱ ተቆልፏል፤ ፈላጊው ግን ይጨምራል። የ1943ቱን ዕቃ ዛሬ ማምረት አይቻልም። በየዓመቱ የተወሰነው በብል ይበላል፣ የተወሰነው በእርጥበት ይበሰብሳል፣ የተወሰነው ደግሞ ሙዚየም ገብቶ ከገበያ ይወጣል። በፈላጊው በኩል ሲኒማው ትልቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 ስቲቭ ማክዊን የ"ኤ-2" ጃኬት፣ በ1986 ደግሞ ቶም ክሩዝ የ"ጂ-1" ጃኬት ለብሰው በታዩባቸው ፊልሞች የተነሳ የወታደር ልብስ የከተማ ወጣት ልብስ ሆነ።

ገበያው ሦስት እርከን አለው። ከላይ ያለው የዘመኑ ኦርጂናል ነው። ደህና ይዞታ ላይ ያለ "ኤ-2" ከብዙ መቶ እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል። የአብራሪው ስም፣ የክፍሉ ዓርማ ወይም በጀርባው ላይ በቀለም የተሳለ ሥዕል ካለበትና ታሪኩ በሰነድ ከተረጋገጠ ዋጋው እንደገና ይወጣል። በመካከል ያለው ጥንቅቅ ያለ ቅጂ ነው። የጃፓኖቹ ባዝ ሪክሰንስና ሪል ማኮይስ፣ የእንግሊዙ ኢስትማን እና የስኮትላንዱ ኤሮ ሌዘር የድሮውን ጃኬት ስፌት በስፌት፣ ዚፕ በዚፕ እየቀዱ ይሠራሉ። የእነዚህ አንድ አዲስ የቆዳ ጃኬት ከ1 ሺህ ዶላር በላይ መሸጡ እንግዳ ነገር አይደለም። ከታች ያለው የተራው ፋሽን ነው። ቅርጹ ይመስላል፤ ዋጋው ግን እንደማንኛውም ጃኬት ነው።

ነጋዴው የሚከስረው እርከኖቹን ሲያደባልቅ ነው። የሦስተኛውን ዕቃ በአንደኛው ዋጋ ይገዛል፤ አለዚያም የአንደኛውን በሦስተኛው ዋጋ ይሸጣል።

ከፎርጅዱ እንዴት ይለያል?

ሀ. ሌብሉ። የ"ኤ-2" ሌብል የጃኬቱን ዓይነት፣ "30-1415" የሚለውን የንድፍ ቁጥር፣ የትዕዛዝ ቁጥሩን እና የአምራቹን ስም ይይዛል። ራፍ ዌር፣ ኤሮ ሌዘር፣ ዱባው፣ ፔሪ፣ ብሮንኮ የመሳሰሉ የዘመኑ ኮንትራክተሮች ይታወቃሉ። ሰብሳቢዎች የትኛው ትዕዛዝ ለማን እንደ ተሰጠ ስለ መዘገቡ ቁጥሩና ስሙ ካልተገጣጠሙ ነገሩ ይነቃል። የታጠበ መመሪያ፣ የልብስ ቁጥር በላርጅና በሚዲየም፣ የሠራበት አገር ስም ተጽፎ ካገኙ የፋሽን ዕቃ መሆኑን ይወቁ። ይሁንና ቅጂ ሠሪዎችም ሌብሉን ስለሚቀዱ ሌብል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እንደ ውጫሌው ውል ሁለቱም ወገን መነበብ አለበት፤ ሌብሉ የሚለውን ጃኬቱም ማለት አለበት።

ለ. ዚፑ። በጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ ጃኬት ላይ ታሎን፣ ክራውን ወይም ኮንማር የሚል የብረት ዚፕ ይገኛል። የጃፓኑ ዋይ ኬ ኬ ከተገኘ ወይ ዚፑ በኋላ ተለውጧል፣ ወይ ጃኬቱ አዲስ ነው። ፕላስቲክ ዚፕ ያለው "የጦርነት ዘመን ጃኬት" ላይ ጊዜ ማጥፋት አይገባም።

ሐ. ክሩ። የያኔው ስፌት በአብዛኛው የጥጥ ክር ነው። ከውስጥ በኩል ከተንጠለጠለ ክር ጫፍ ትንሽ ቆርጦ ከጃኬቱ ርቆ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ቀለል ያለ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ክር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። የእጅጌው ሹራብ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

መ. መብራቱ። ሐሰተኛ ብር ለመለየት ሱቅ ውስጥ የምንጠቀምበት ሐምራዊ መብራት እዚህም ያገለግላል። ዛሬ ጨርቅና ክር ላይ የሚጨመሩት ማንጪያ ኬሚካሎች በዚያ መብራት ሥር ደምቀው ይበራሉ። የዘመኑ ጥጥ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ይሁን እንጂ ድሮ የተሠራውም በዘመናዊ ሳሙና ከታጠበ ሊበራ ስለሚችል በዚህ ብቻ አይፈረድም።

ሠ. አረጀቱ። እውነተኛ እርጅና ሰው በሚነካው ቦታ ላይ ይበዛል። ክርኑ፣ የኪሱ አፍ፣ የእጅጌው ጫፍና የኮሌታው እጥፋት ይገለጣሉ። በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ አዲስ ጃኬት ግን ማንም በማይነካው ቦታ ሳይቀር እኩል ያረጃል።

አምስቱም ምልክቶች አንድ አቅጣጫ ካላመለከቱ ኪስን ዘግቶ መሄድ ይሻላል።

ማደስና ማሳመር አንድ አይደሉም

በእኛ ገበያ ያረጀ የቆዳ ጃኬት የገዛ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። በሳሙና ያጥበዋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣዋል፣ ሊስትሮ ዘንድ ወስዶ ጥቁር ቀለም ያስቀባዋል፣ የተበላውን ሹራብ አስቆርጦ አዲስ ያስተክላል። ከዚያ "አዲስ አስመሰልኩት" ብሎ ይደሰታል። ለመልበስ ከሆነ መልካም ነው። ለሰብሳቢ ለመሸጥ ከሆነ ግን ገንዘቡን አጥቦ አፈሰሰው። ውኃ የቆዳውን ዘይት አውጥቶ ሲደርቅ ያኮማትረዋል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ቀለሙ ደግሞ የዘመኑን ገጽ ለዘለዓለም ይሸፍናል።

የሙያው ደንብ ሁለት ቃል ነው፤ ያደረግኸው ነገር ይታወቅ፣ ያደረግኸው ነገር ይመለስ። በዚህ መሠረት ሥራው እንደሚከተለው ይሄዳል።

መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ፎቶግራፍ ይነሳል። ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሌብሉ፣ ዚፑ፣ ገበሩና እያንዳንዱ ቀዳዳ ይነሳል። ኪሱ ይፈተሻል፤ የቆየ ቲኬት ወይም ቁራጭ ወረቀት ቢገኝ ከጃኬቱ ጋር ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ሁለተኛ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። የቀረው በደረቅ፣ ቢበዛ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል።

ሦስተኛ የተቀደደው ይያያዛል። ቅዳዱን ከላይ በመርፌ መስፋት አዲስ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ የደረቀ ቆዳ በመርፌው መሥመር እንደ ቴምብር ይቀደዳል። ትክክለኛው መንገድ ከውስጥ በኩል ስስ ቆዳ ወይም ጠንካራ ጨርቅ አስደግፎ ማጣበቅ ነው። ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት ማስቲሽ ግን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ቆዳውን ያቆሽሻል፣ መልሶ ማላቀቅም አይቻልም። ለዚህ ሥራ ሲፈለግ የሚላቀቅ የጥገና ማጣበቂያ ይመረጣል።

አራተኛ የተበላ ሹራብ ወይም የተሰበረ ዚፕ መለወጥ ካለበት የሚተካው በዓይነቱ ተመሳሳይ በሆነ ዕቃ ነው። ስፌቱም በድሮው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። የወጣው አሮጌ ክፍል በከረጢት ተደርጎ ከጃኬቱ ጋር ይሸጣል። የተለወጠውን ለገዢ መናገር ግዴታ ነው፤ የደበቀ ሻጭ በዚህ ጠባብ ገበያ አንድ ጊዜ ከተያዘ ሁለተኛ አይነግድም።

አምስተኛ ቅባት። ቆዳ ደረቀ ብሎ ዘይት ማጠጣት የቆየ ስህተት ነው። የበዛ ዘይት ስፌቱን ያበሰብሳል፣ አቧራ ይስባል፣ ቆዳውን ያጠቁራል። የድሮ ቆዳ ቀይ ብናኝ እጅ ላይ የሚያራግፍ ከሆነ ደግሞ በሽታው ከውስጥ ነው፤ ቅባት አያድነውም፣ ልዩ የጥገና መድኃኒት ይፈልጋል። የበግ አጐዛው "ቢ-3" እና "ኢርቪን" በተለይ ከዕድሜ ብዛት ስለሚሰባበሩ ለመልበስ ሳይሆን ለማስቀመጥ የሚገዙ ናቸው።

አቀማመጥ፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኝ ትምህርት

ቆዳ በአግባቡ ከተያዘ ከሰው ዕድሜ በላይ እንደሚኖር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከውጫሌ በስተደቡብ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጋር የተያያዘው የብራና ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ኖሯል። ብራና ተፍቆና ተወጥሮ የደረቀ እንጂ እንደ ጃኬት ቆዳ በማልፊያ የተዘጋጀ ስላልሆነ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጠላቶቻቸው ግን አንድ ናቸው፤ እርጥበት፣ ብርሃን፣ ተባይና ያልታጠበ እጅ። የሊቃውንቱ ማኅደር አቧራና ብርሃን ከልክሎ አየር የሚያስገባ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ጃኬቱም እንደዚያ ይፈልጋል። ቀጭን የሽቦ መስቀያ ትከሻውን ስለሚሰብር በጨርቅ የተሞላ ሰፊ መስቀያ ይደረግለታል፤ የከበደው አጐዛ ግን ከነጭራሹ ሳይሰቀል ጠፍጣፋ ይተኛል። በፕላስቲክ ከረጢት መጠቅለል ሻጋታ መጥራት ነው፤ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 50 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ሱፍና ጠጕር ያለበት ዕቃ ብል ይዟል ተብሎ ከተጠረጠረ በላስቲክ ታሽጎ በከባድ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ለሁለት ሳምንት ይቆይና ላስቲኩ ሳይከፈት ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠበቃል።

የእኛ አብራሪዎችስ?

የአቪዬሽን ታሪክ ለወሎ ሰው በወሬ የተሰማ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ የነበሩባትን ደሴን ደብድበዋል፤ ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ከቀዳሚዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው። በ1927 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መጥቶ ትንሿን አየር ኃይል መራ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ሲያገለግል በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን እንደ ገና መቋቋም የመራው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ከዚያም የአሜሪካ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5፣ ከ1969-70ው የሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ደግሞ የሶቪየት ሚጎች ገቡ።

ይህን የምንዘረዝረው ለነጋዴው ሲባል ነው። አውሮፕላኑ ከተለያየ አገር በመጣ ቁጥር የአብራሪውም ትጥቅ ተለዋውጧል። በአንድ የጡረተኛ አብራሪ ሳጥን ውስጥ ያለ ቆብ፣ ጓንት ወይም ጃኬት ከአንድ የአገር ታሪክ ምዕራፍ ጋር የታሰረ ሊሆን ይችላል። ስሙ የተጻፈበት ጨርቅ፣ ለብሶት የተነሳው ፎቶግራፍና የበረራ መዝገቡ አብረው ሲገኙ ዕቃው ይናገራል። ሲለያዩ ግን አሮጌ ልብስ ብቻ ይሆናል። ደላላ ጃኬቱን ብቻ ገዝቶ ፎቶግራፉን ለቤተሰቡ ትቶ ቢሄድ ሁለቱንም ጎዳ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ታሪክ ያለው ዕቃ ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ማስመርመር ከብዙ ጣጣ ያድናል። የመከላከያ ንብረት የሆነን ትጥቅ መነገድ፣ ሥልጣን ሳይኖር የሠራዊቱን መለያ ልብስ መልበስም በወንጀል ያስጠይቃል። አሮጌ ልብስን ለንግድ በቦንዳ ወደ አገር ማስገባት ክልክል መሆኑንም አንባቢያችን አይስተውም። ከኮንትሮባንድ ቦንዳ የተገኘ ጃኬት የትም ቢያምር የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ የለውም፤ ሰነድ የሌለውን ዕቃ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ መላክ አይቻልም። ስለዚህ የእኛ ነጋዴ አስተማማኝ ትርፍ ቦንዳ ሥር እንዳልሆነ መቀበል አለበት። ታዲያ የት ነው?

የባቲ ፍየል

መልሱ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ነው። በዓለም የቆዳ ንግድ ውስጥ "ባቲ ጄኑዊን" የሚባል ደረጃ አለ። ስሙ የመጣው ከራሷ ከባቲ ነው። የዚህ ፍየል ሌጦ ወፈር ያለ፣ ጭረቱ የጠበቀ፣ ሲለፋም የሚታጠፍና ጥሩ ገጽ የሚይዝ በመሆኑ ለጥሩ ልብስና ለሱዊድ ይፈለጋል። የደጋው በግ ሌጦ ደግሞ በጓንት ታዋቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 የተመሠረተው የእንግሊዙ ፒታርድስ ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያን የበግ ሌጦ ሲገዛና ሲያለፋ ኖሮ በ2023 በኪሳራ ቆሟል፤ በአንድ ገዢ ላይ የተንጠለጠለ ንግድ ምን እንደሚገጥመው ያሳያል።

የባሕር ኃይሉ "ጂ-1" የፍየል ቆዳ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1988 "ኤ-2"ን እንደ ገና ለአብራሪዎቹ ሲሰጥ የመረጠውም የፍየል ቆዳ ነው። ቅጂ ሠሪዎቹና ጠጋኞቹም ይህንኑ ይፈልጋሉ። እኛ ግን በየበዓሉ ማግስት ሌጦ ገዢ አጥቶ ሲጣል እያየን ነው።

ለምን? የአንድ ጃኬት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጃኬት ብክነቱን ጨምሮ ከ30 ስኩዌር ፊት በላይ ቆዳ ይፈልጋል። አንድ የፍየል ሌጦ 5 ስኩዌር ፊት ይሰጣል ብንል ቢያንስ ሰባት ሌጦ ሊገባበት ነው። ሰባቱም በውፍረትና በገጽ መመሳሰል አለባቸው። በዚያ ላይ የ"ኤ-2" ጀርባ ሳይቀጣጠል ከአንድ ቆዳ ይወጣል። ስለዚህ የሌጦው መሐል ንጹሕ ካልሆነ ጀርባ አይሆንም። የእሾህ ጭረት፣ የቀንድ ጠባሳ፣ የእከክ ነጠብጣብ፣ የአራጅ ቢላ ያስገባው ቀዳዳ መሐሉ ላይ ካረፈ ያ ሌጦ ከጃኬት ወደ ኪስ ቁራጭ ይወርዳል። ዋጋውም አብሮት ይወርዳል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ነው። እከክን የሚያመጡት ቅማልና መሰል ተባዮች በመድኃኒት ይጠፋሉ። አራጁ ቆዳውን በቢላ ከመግፈፍ በጡጫ ቢለያይ ቀዳዳ ይቀንሳል። ሌጦው በታረደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልገባው መበስበስ ይጀምራል፤ ጠጕሩ ሲነቀል ያን ጊዜ የፊቱ ገጽ ሄዷል። ጨው ከሌጦው ክብደት ሲሶ ያህል ቢሆን ነው የሚበቃው፤ በቁጠባ የተነሰነሰ ጨው ኪሳራ ነው።

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ የወጪ ንግድ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ሲጥል ዓላማው ጃኬቱ እዚሁ እንዲሰፋ ነበር። ቀረጥ ግን በቢላ የተበሳን ሌጦ አይጠግንም። ሰብሳቢው የሚያረትመው የገበሬውን፣ የአራጁንና የጨው ነጋዴውን ሰንሰለት ነው። ሌጦውን በደረጃ ለይቶ ለንጹሑ መሐል ብልጫ ዋጋ የሚከፍል ሰብሳቢ ከሌለ ገበሬው ለፍየሉ መድኃኒት የሚገዛበት ምክንያት የለውም።

የመጨረሻ ሒሳብ

አንባቢያችን በዚህ ገበያ መግባት ከፈለገ ሦስት በር አለው። አንደኛው ኦርጂናል ዕቃ ፍለጋ ነው። ይህ ሎተሪ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ዕቃ ላይ ዓይንን ማሠልጠን እንጂ ካፒታልን ማሰር አያዋጣም። በ100 የተገዛ ጃኬት በ300 ቢሸጥ እንኳ ጥገናው 60፣ መላኪያውና ቀረጡ 70፣ የሽያጭ ኮሚሽኑ 40 ቢወስድ የሚቀረው 30 ነው፤ ያውም አንዱ ከአሥር ፎርጅድ ካልሆነ። ሁለተኛው የጥገና ሙያ ነው። ጥሩ እጅ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ትክክለኛ ማጣበቂያና ትዕግሥት ካሉ በትንሽ ገንዘብ ይጀመራል፤ ቢሾፍቱና አዲስ አበባ ያሉ የአየር ኃይል ቤተሰቦች የአባቶቻቸውን ልብስ የሚያስጠግኑበት ቦታ ቢያገኙ ሥራው ከትርፍም በላይ ነው። ሦስተኛው ሌጦ ነው። ትርፉ በአንድ ፍሬ ትንሽ ቢሆንም በየሳምንቱ ይመጣል።

ውጫሌ ላይ ቆሞ ቦንዳ ውስጥ የአሜሪካ ጃኬት የሚፈልግ ነጋዴ ከጎኑ የታሰረውን ፍየል ማየት አለበት። የጃኬቱ ግማሽ እዚያ ቆሟል። ጃኬት እጁ ከገባ ደግሞ ከሁሉ በፊት ምላጩን ያስቀምጥና ከኮሌታው ሥር ያለውን ያንብብ።